በሰዓት ሰሌዳው ላይ የሌለው ትምህርት

አንድ ጦር ምን ሊሠራ እንደተዘጋጀ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የአዛዦቹን ንግግር ከማዳመጥ ይልቅ የስልጠናውን የሰዓት ሰሌዳ ቢመለከት ይሻለዋል። ለኢላማ ተኩስ፣ ለሰልፍ፣ ለማጥቃትና ለመከላከል፣ ለሌሊት ጉዞ ስንት ስንት ሰዓት እንደተመደበ እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። በማሰልጠኛ ቦታዎች ባሳለፍኳቸው ዓመታት ብዙ ሰሌዳ በእጄ አልፏል። የገበሬ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ መንገድ ላይ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ፣ የወታደሩን ቋንቋ የማትሰማ እናት እንድትቆም እንዴት እንደሚነገራት የሚያስተምር ሰዓት ግን በአብዛኞቹ ላይ አልነበረም። ከነበረም በመጨረሻው ሳምንት፣ ምልምሎቹ ለምረቃው ሰልፍ በሚዘጋጁበት ቀን፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የሁለት ሰዓት ገለጻ ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ወጣት መኮንን ነው። የቀድሞ ባልደረባዬ ልጅ ሲሆን፣ ለጥቂት ቀናት እረፍት ወደ ባሕር ዳር መጥቶ ሊጠይቀኝ ቤቴ ጎራ አለ። ቡና ከጠጣን በኋላ ወደ ጣና ዳር ወርደን ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። አባቱ ስለ እኔ ብዙ እንደነገረው ካወሳልኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሻምበል ጦር ሰጥተውዎት ሦስት ሳምንት ብቻ ቢኖርዎት፣ ዩኒፎርም ከማይለብስ፣ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ከሚመለስ ተዋጊ ጋር ለሚደረግ ውጊያ መጀመሪያ ምን ያሰለጥኑ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ዕለት የመለስኩለት መልስ ቁርጥራጭ ስለነበር፣ እነሆ አሁን አሟልቼ እጽፈዋለሁ።

ጥያቄው በምን ዘመን እንደተጠየቀ እኔም እሱም እናውቃለን። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት በየወገኑ የሚወድቀው የዚህችው አገር ልጅ ነው። ማን ልክ ነው፣ ማን አጠፋ የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም። የምጽፈው ሙያዬ ስለሆነው ስለ እግረኛ ጦር ስልጠና ነው። ይሁን እንጂ ስልጠናው መጨረሻው የሚያርፈው በሰው ደጃፍ ላይ በመሆኑ እንደ ሩቅ ነገር አድርጌ ልጽፈው አይቻለኝም።

ሁሉም የሚነሣው ከአንድ ነገር ነው። ተኩስ በተከፈተበት ቅጽበት ሰው የሚሠራው እጁ የለመደውን እንጂ በአዳራሽ የሰማውን አይደለም። ምልምልን ጠመንጃ ፈትቶ እንዲገጥም በጨለማ፣ በዝናብ፣ ዓይኑን ታስሮ ጭምር የምናለማምደው በዚህ ምክንያት ነው። ለደፈጣ የሚሰጠውን መልስም እንደዚሁ ወደ ሰውነቱ እናስገባዋለን። ደፈጣው ቅርብ ከሆነ፣ ማለትም የእጅ ቦምብ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ከሆነ፣ በቦታው መቆየት ሞት ስለሆነ ሁሉም ፊቱን ወደ ተኩሱ አዙሮ ያለውን እሳት እያፈሰሰ ሰብሮ ያልፋል፤ ሩቅ ከሆነ ደግሞ አንዱ ክፍል መሬት ይዞ ሲተኩስ ሌላው በጎን ይዞራል። በመደበኛ ጦርነት ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ የብዙ ወታደር ሕይወት አትርፏል።

አሁን ይህንኑ መልስ ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ መንደር ላይ እናስበው። ተኩሱ የመጣው ከባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ነው። ከተክሉ ጀርባ ሦስት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ የጤፍ ክምርና በአጥር ውስጥ የታሠሩ ጥጆች አሉ። ተኳሾቹ አንድ ካዝና ጥይት ጨርሰው በወንዙ ሸለቆ ወርደው ሄደዋል። የተሰለጠነው እጅ ግን መሥራቱን አያቆምም፤ ሰላሳ ጠመንጃና ሁለት መትረየስ በአንድ ላይ ተክሉን ያርሱታል፤ ጥይቱም ተክሉን አልፎ ከቆርቆሮው ግድግዳ ይገባል። ማንም ሰው ለመበደል አላሰበም፤ ሁሉም የተማረውን ሠራ። ሽምቅ ተዋጊው ከደፈጣው የሚፈልገውም ትልቁ ትርፍ ይኸው ነው። የገደለው ወታደር ቁጥር ለእሱ ሁለተኛ ነገር ነው፤ በመልሱ ተኩስ የሞተው ሰው ልቅሶ ላይ የሚቀመጡት ወንድሞችና የአጎት ልጆች ግን ያለ ቅስቀሳ ይመጡለታል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ውጊያ ደፈጣን የመመለስ ልምምድ ከሥሩ ተለውጦ መሰጠት አለበት። ወታደሩ ሽፋን መያዝን፣ ከዚያም ከመተኮሱ በፊት ዒላማውን በቃሉ መጥራትን ይለማመድ፦ «ከትልቁ ዛፍ ግራ፣ አንድ ሰው፣ መሣሪያ ይዟል»። መጥራት ያልቻለውን አይተኩስም። መትረየሱን የሚይዘው ሰው ያለ ጓድ መሪው ቃል ጣቱን ወደ ምላጩ አያስገባም። «ተኩስ አቁም» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ «ተኩስ ክፈት» ከሚለው እጥፍ ጊዜ ይደጋገም፤ እኔ በልምምድ እንዳየሁት አንድ ሻምበል ጦር መተኮስ ሲጀምር አንድ ልብ ነው፣ ለማቆም ግን ጩኸት፣ ፊሽካና የጓድ መሪ እጅ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ያልደከመ፣ ያልራበው፣ ያልፈራ ምልምል በሜዳ ላይ ቢያሳይ ዋጋ የለውም። ከሌሊት ጉዞ በኋላ፣ እንቅልፍ ባጣበት ጠዋት፣ የቆሰለ ጓደኛው አጠገቡ እየጮኸ ሊያደርገው ይገባል። ወታደርን ከራሱ የሚያስወጣው የጓደኛው ጩኸት ነውና።

የራሳችን ታሪክ በዚህ ላይ ያስቀመጠልን መራራ ምሳሌ አለ። በኅዳር 1963 ዓ.ም. የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ተሾመ እርገቱ ከአሥመራ ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ በደፈጣ ተገደሉ። ቀናት ሳያልፉ በከረን አቅራቢያ ያሉ መንደሮች፣ በስክዲራና ኦና፣ የበቀሉ መውረጃ ሆኑ፤ ብዙ መቶ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። አዛዡ ሲገደል ጦሩ የተሰማውን ቁጣ ማንም ወታደር የነበረ ሰው ይረዳዋል። ነገር ግን ቁጣ ባለበት ሰዓት እጅን የሚይዝ ልማድ አስቀድሞ አልተገነባም ነበር። ከዚያ ኅዳር በኋላ በኤርትራ በረሃ የወጣው ወጣት በየትኛውም ቅስቀሳ ሊወጣ ከሚችለው በለጠ፤ ጦርነቱም ሃያ ዓመት ተጨማሪ ዕድሜ አገኘ።

ሌሎችም አገሮች ይህን ትምህርት የተማሩት ዋጋ ከከፈሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 የአሜሪካ እግረኛ ወታደሮች በቬትናም ሚ ላይ በተባለው መንደር ውስጥ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለዩ መቶዎችን ፈጁ። በጄኔራል ዊሊያም ፒርስ የተመራው ምርመራ ካገኛቸው ጉድለቶች አንዱ ወታደሮቹ ሰላማዊ ሰዎችን ስለ መያዝና ሕገ ወጥ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ስለሚያደርጉት ነገር በቂ ስልጠና አለማግኘታቸው ነበር። በዚያው ቀን ሂዩ ቶምሰን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪ ሲሸሹ በነበሩ ገበሬዎችና በራሱ አገር ወታደሮች መካከል ሄሊኮፕተሩን አሳርፎ ጥቂቶቹን አድኗል። እኔ ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ የአሰልጣኝ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያደረገው በተፈጥሮው ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው እንበል፤ ታዲያ በተፈጥሮው መካከለኛ የሆነውን፣ እንደ እኔና እንደ አብዛኞቻችን ያለውን ወታደር እንደ እሱ እንዲያደርግ ምን ያስችለዋል? መልሴ ልምምድ ነው። በልምምድ ላይ አሰልጣኙ ሆን ብሎ ሕገ ወጥ ትእዛዝ ይስጥ፤ «ያን ቤት አቃጥሉት» ይበል፤ ማን ክብሪት እንዳወጣ፣ ማን ደግሞ «ጌታዬ፣ ይህን ትእዛዝ አልቀበልም» ለማለት እንደደፈረ ይመዝግብ፤ የደፈረውንም በሰልፍ ፊት ያመስግነው። አንድ ጊዜ እንኳ በአፉ ያልወጣ ቃል በጭንቅ ሰዓት አይመጣለትም።

እንግሊዞች በሰሜን አየርላንድ ለእያንዳንዱ ወታደር ቢጫ ካርድ የሚሉትን ትንሽ ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ መቼ መተኮስ እንደሚቻል፣ ከመተኮስ በፊት ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ የተጻፈበት ነው። ካርዱ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1972 በደሪ ከተማ በአንድ የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ወታደሮች ተኩሰው በዚያው ቀን 13 ሰው ሲገድሉ ያ ካርድ በኪሳቸው ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎርድ ሳቪል ምርመራም በዚያ የጦር ክፍል ዘንድ ከባድ የተኩስ ሥርዓት መላላት እንደነበረ አረጋግጧል። በኪስ ያለ ወረቀት በእጅ ያለ ልማድ አይደለም። ያው ጦር በጀርመን ዜነላገር ላይ «የቆርቆሮ ከተማ» ብለው የሚጠሩትን ሰው ሠራሽ ሰፈር ገንብቶ፣ ወደ አየርላንድ የሚሄደውን ሁሉ በጠባብ ጎዳና ውስጥ ድንጋይ እየተወረወረበት፣ እየተሰደበ፣ አንዳንዴም እየተተኮሰበት እንዲለማመድ አድርጓል። አሜሪካኖችም በካሊፎርኒያ በሞሃቬ በረሃ ለታንክ ጦርነት ያቋቋሙትን ትልቅ የልምምድ ሥፍራ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለውጠው የኢራቅ መንደሮችን አስመስለው ሠሩበት፤ አረብኛ የሚናገሩ ኢራቅ ተወላጆችን ቀጥረው ከንቲባ፣ ባለ ሱቅ፣ ሐዘንተኛ እናት ሆነው እንዲጫወቱ አደረጉ።

ለእኛ ግን የበረሃ ከተማ መገንባት አያሻንም። መንደሩ አለ፣ ሰዉም አለ። የሚያስፈልገው አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ገበሬዎች፣ አንዲት ባልቴት፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ በአበል ቀጥሮ፣ የወታደሩን ምግባር እንዲመዝኑት ማድረግ ነው። ከልምምዱ በኋላ መጀመሪያ የሚናገሩት አሰልጣኞቹ ሳይሆኑ እነዚህ ሰዎች ይሁኑ፤ «አንተ ልጅ፣ በሬን ስትረግጠው ልቤ ቆመ» የሚለውን ቃል ምልምሉ ከእናቱ እኩያ አፍ ይስማው።

ወጣቱ መኮንን «ከምን ልጀምር?» ሲለኝ ቤት ከመግባት ጀምር አልኩት። በአገራችን ወደ ሰው ግቢ የሚመጣ ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ደጆች!» ይሉታል፤ ከዚያ ይገባል። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በፍተሻ ሰዓት ለወታደሩም ደህንነት ነው። ልምምዱ እንዲህ ይሰጣል፦ ሁለት ወታደር ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከበሩ ምሰሶ ጎን ይቆማሉ፤ ሁለት ሌሎች የግቢውን ጀርባ ያያሉ፤ የጓዱ መሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፤ ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምልምሉ አሥር ሰከንድ ሳይሞላው በሩን ለመግፋት እግሩ ይነሣል። መልስ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት እንዲወጣ ይጠየቃል፤ ሴቶችና ልጆች በአንድ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ባለቤቱ ራሱ ከፈታሹ ጋር ክፍል ለክፍል ይዞራል፤ ጎታው ይከፈታል እንጂ አይገለበጥም፤ በመጨረሻም ምን እንደተወሰደ፣ ምን እንዳልተወሰደ በሽማግሌ ፊት ይነገራል። የሚያስቸግር ቤት ቢገጥም፣ ተኩስ ከውስጥ ቢመጣ፣ ለዚያም ሌላ ልምምድ አለ። ሁሉን ቤት እንደዚያ ቤት አድርጎ መግባት ግን ሁሉን ቤት እንደዚያ ያደርገዋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከሕይወቴ ስለመጣ ነው። የተወለድኩት በሞጣ አካባቢ ሲሆን፣ በጎጃም በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ገበሬው ባመጸበት በ1960 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ክረምት ወታደር ሁለት ጊዜ ቤታችን ገብቷል። መጀመሪያ የመጡትን የሚመራው ሽበት ያወጣ አሥር አለቃ ነበር፤ አጥሩ ጋ ቆሞ ተጣራ፤ እናቴ ጠላ ቀዳችለት፤ ከአባቴ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ግብሩ ተነጋግሮ ሄደ። ሁለተኞቹ በሩን ሰብረው ገቡ፤ ለዘር የተቀመጠውን እህል ከጎታው አውጥተው በግቢው ጭቃ ላይ ደፉት፤ ጋኑን ሰበሩት፤ ለምን እንደመጡ ሳይናገሩ ሄዱ። አባቴ እስከዚያች ምሽት ድረስ ከአመፁ ጋር አልነበረም። ሌሊቱን ከወንድሙ ጋር ወደ ዱር ወጣ። እኔ ወታደር ስሆን ያቺን የጭቃ ላይ እህል ይዤ ነው የገባሁት፤ አባቴም ለዓመታት አኩርፎኝ ነበር።

የዚያ አመፅ አጨራረስ ለማንኛውም አሰልጣኝ መታወቅ ያለበትን ድንበር ያሳያል። መንግሥት ጦር ሠራዊትና አየር ኃይል ጭምር ልኮ አልበረደም፤ ነገሩ የበረደው ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው የቆየው የግብር ውዝፍ ሲማር ነው። ከዚያ ሰላሳ ዓመት ቀድሞ ጣሊያን የጎጃምን ገበሬ መሣሪያ ለማስፈታት ሲሞክር፣ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ወታደሩ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በዳንግላና በዚችው ባሕር ዳር ምሽጎች ውስጥ ተዘግቶ ቀረ፤ አገሩ እንደ በላይ ዘለቀ ባሉ አርበኞች እጅ ነበር። የጣሊያን ጦር የመሣሪያም የስልጠናም እጦት አልነበረበትም። ሰው ለምን ሸፈተ የሚለውን ጥያቄ ማሰልጠኛ ቦታ አይመልሰውም፤ በደንብ የሰለጠነ ጦር ማድረግ የሚችለው ነገሩ እንዳይብስና ለንግግር የሚሆን ጊዜ እንዳይጠፋ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን ለአለቆቹ በግልጽ የማይናገር አሰልጣኝ ሥራውን ግማሽ ብቻ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

በስልጠናው ውስጥ ስለ አገሩ ማወቅ የሚባለው ክፍል ብዙ ጊዜ ካርታ በማንበብ ያልቃል። በጣና ዙሪያ የሚመደብ ወታደር ግን ከካርታ በላይ ማወቅ አለበት። የጎጃም ገበሬ ጠመንጃ መያዙ ብቻውን ሽምቅ ተዋጊ አያደርገውም፤ ጠመንጃው ከአያቱ የወረሰው፣ በሠርግና በልቅሶ የሚይዘው ንብረቱ ነው። ጋቢ ለብሶ እጁን ከውስጥ የከተተ ሽማግሌ የበረደው ሽማግሌ ነው። በነሐሴ፣ በቡሄ ሰሞን፣ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ ከሩቅ ሲሰማ ከተኩስ ጋር ይመሳሰላል፤ ይህን ድምፅ በልጅነቱ ሰምቶ የማያውቅ፣ ከቆላ አገር የመጣ ምልምል በሌሊት ጥበቃ ላይ ቢሰማው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። እኔ ብሆን አንድ የጅራፍ አዋቂ ልጅ አስመጥቼ ጦሩን በሙሉ ዓይኑን አስጨፍኜ ጅራፉንና ጥይቱን እያፈራረቅሁ አሰማው ነበር። ጎህ ሲቀድ ከዘጌ በታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው የዕለት እንጀራውን ፍለጋ የወጣ ነው። ከደሴቶቹ ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም፤ ቤተ መቅደስ በጫማ አይገባም፤ ይህን የጣሰ ጓድ አንድ ሰው ሳይጎዳ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ሊያጣ ይችላል።

ኬላን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ የብዙ ንጹሕ ሰው ሞት የሚመጣው ከዚያ ነውና። ወታደር ጭብጥ እጁን ከፍ ሲያደርግ «ቁም» ማለቱ ነው፤ ለባጃጅ ነጂ ግን ያ ምልክት ምንም ላይሆን፣ ሰላምታም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ኬላው ከሩቅ የሚታይ ምልክት፣ ከዚያ ፍጥነት የሚያስቀንስ የድንጋይ ጠመዝማዛ፣ ከዚያ የገመድ መስመር ሊኖረው ይገባል፤ በእያንዳንዱ እርከን ወታደሩ ምን እንደሚያደርግ ተለይቶ ይታወቅ። ዝናብ በሚጥልበት ማታ የባጃጁ መስታወት ተሸፍኖ ነጂው ምንም አያይም፤ ልምምዱም በዝናብና በማታ ይሁን።

እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ ሐቀኛ አይሆንም። ወጣት አሰልጣኝ ሳለሁ አንድ ምልምል በልምምድ ላይ ከአጥር ማዕዘን ድንገት በወጣ ሰው ላይ ሳይተኩስ ቀረ። የወጣው ሰው ጀሪካን የያዘ የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ግን ጠላት ሆኖ እንዲጫወት አዘን ነበር። ምልምሉን በሰልፍ ፊት «ፈሪ» ብዬ ሰደብኩት፤ ጸሐይ ላይ አቆምኩት፤ ነጥቡን ቆረጥኩበት። እሱ «ጀሪካን እንጂ መሣሪያ አላየሁም» ብሎ ሲመልስልኝ አልሰማሁትም። ከብዙ ዓመት በኋላ በሶማሊያ፣ በባይደዋ አቅራቢያ ባለ ኬላ ላይ፣ የውኃ በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ማስጠንቀቂያውን ሳይሰማ እየቀረበ መጣ። በመትረየሱ ላይ የነበረው ወታደር ጣቱን አላስገባም፤ ቆሞ ጮኸ፤ ልጁም ቆመ፤ በርሜሉ ውስጥ ውኃ ብቻ ነበር። ያን ማታ ያንን ምልምል አስታውሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለ መትረየሱ ወታደር እኔ እንደፈለግኩት ሰልጥኖ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ይሞት ነበር። ምልምሉን ኋላ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም፤ በሕይወት ካለና ይህን ካነበበ ይቅርታዬን ይቀበለኝ።

ጥድፊያ የስልጠና ጠላት መሆኑን ማስረዳት ብዙ አያሻውም። በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ በጥቂት ወራት ስልጠና ወደ ግንባር ተላከ፤ ለሶማሊያ ወረራ የታሰበው ሰው ብዙም ሳይቆይ በሰሜን ተራሮች ሽምቅ ውጊያ ውስጥ ራሱን አገኘ። ከጀግንነት የጎደለው አልነበረም። የጎደለው ወታደሩን የሚያውቁ፣ ሲቆጣ የሚይዙት፣ ሲሳሳት የሚያርሙት የአሥር አለቃና የሃምሳ አለቃ ብዛት ነው። ጥሩ ሃምሳ አለቃ በሦስት ወር አይሠራም፤ የጸረ ሽምቅ ውጊያ ደግሞ በሃምሳ አለቃ የሚመራ ውጊያ ነው፤ ጄኔራሉ መንደሩ በር ላይ የለምና።

ሌላው ስልጠናን በአንድ ቀን የሚያፈርሰው ሽልማቱ ነው። በኮሎምቢያ ወታደሮች ለገደሉት ሽምቅ ተዋጊ ቁጥር የእረፍት ፈቃድ፣ ገንዘብና ሹመት ያገኙ ስለነበር፣ ድሃ ወጣቶችን እያታለሉ ወስደው ገድለው የተዋጊ ልብስ አልብሰው ሪፖርት ያደርጉ ጀመር። የዚያች አገር ልዩ የሰላም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ብቻ ቢያንስ 6,402 ሰዎች በዚህ መንገድ መገደላቸውን ይፋ አድርጓል። እነዚህ ወታደሮች የሰብአዊ መብት ትምህርት ያልተሰጣቸው አልነበሩም። አዛዡ ማታ ማታ «ስንት ገደላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ቀን የተሰጠው ትምህርት ሁሉ ከንቱ ነው። «ገበያው ዛሬ ቆመ ወይ? ስንት ሰው ራሱ መጥቶ አናገራችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

ሕጉን በሚመለከት ረዘም ያለ ነገር አልጽፍም፤ ሕጉ አለ፤ ግልጽም ነው። የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ ሦስተኛ አንቀጽ በአንድ አገር ውስጥ የሚደረግን ግጭት ይመለከታል፤ አገራችን ሁለተኛውን ተጨማሪ ፕሮቶኮልም በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 270 በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይቀጣል። ከአዛዥ እስከ ተራ ወታደር ድረስ ሁሉም ይህን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይስማው፤ ሰምቶም በዚያው ቀን ወደ መንደሩ ልምምድ ይሂድ።

ለወጣቱ መኮንን በመጨረሻ በአንድ ወረቀት ላይ የሦስት ሳምንት ሰሌዳ ጻፍኩለት። ኢላማ ተኩስና የሕክምና እርዳታ በየቀኑ አለ፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ግን ለቤት፣ ለኬላ፣ ለገበያ፣ ለልቅሶ ቤትና ለ«ተኩስ አቁም» ሰጠሁት። «አለቆቼ ይህን ሲያዩ ጦር ነው ወይስ ሽማግሌ የምታሰለጥነው ቢሉኝስ?» አለኝ። «በአዴት መንገድ ላይ ስላለው የባሕር ዛፍ ተክል ንገራቸው» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። ልምምዱን በራሱ ሻምበል ጀምሯል። በሁለተኛው ቀን ባልቴት ሆነው የተጫወቱት የወጥ ቤት ሠራተኛ እናት፣ ወታደሮቹ በአጥሩ ጋ ቆመው በሚገባ መጣራታቸውን፣ ጎታውን ሳይገለብጡ መፈተሻቸውን መሰከሩላቸው። «ግን» አሉ፣ «ግማሽ ቀን ሙሉ ቤቴን ሲፈትሹ ከጓዱ አንድም ልጅ ስሜን አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ።

«ድገሙት» አልኩት።